ሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር

የጭነት መኪናው ከላፍቶ ወደ መካኒሳ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር፣ ከኋላ የተጫኑት አሥራ ሁለት ነጫጭ ጉርዶች አብረውት ይዘሉ ነበር። አልታጠፉም፣ አልተቆለሉም። በቡላ ተነክረው ስለደረቁ እንደተዘረጋ ጃንጥላ ደርቀው ቆመዋል። በመካከላቸው ጉርዶቹን የሰፋው የላፍቶ የስፌት ድርጅት አንጋፋ ቆራጭ ጋሽ ነጋ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ሰፊዋ ዙሌካ ፊት ለፊታቸው ቆማ በአንድ እጇ ስፖንዳውን ይዛለች። በሌላው እጇ መቀስ ነበር። ቴአትር ቤት እስኪደርሱ ድረስ አሥራ ሁለቱንም ጉርዶች እንድታሳጥር ታዛለች። መኪናው ከድርጅቱ ግቢ ከወጣ ሩብ ሰዓት ሆኖታል፤ እሷ ግን እስካሁን አንዱንም አልነካችም።

ቀኑ ጳጉሜን ሦስት ነው፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት። ከተማው በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ አሥረኛው የአብዮት በዓል ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል፣ የፓርቲው ምሥረታ ጉባኤም ተጀምሯል። ለጉባኤው እንግዶች ከወዳጅ አገር የመጣ የባሌት ቡድን በአሥራ አንድ ሰዓት ትርኢት ያሳያል። የዳንሰኞቹ ጥብቆና ጫማ አብሯቸው ደርሷል። ቱቱ የሚባለው ጉርድ የታሸገበት ሳጥን ግን ወደብ ላይ ቀርቷል። ሰፊ ነጭ ወንፊት ጨርቅ በከተማው ሲፈለግ የተገኘው በላፍቶው የስፌት ድርጅት መጋዘን ውስጥ ነበር፦ ለወባ መከላከያ የመጣ የጥጥ አጎበር፣ ገና በጣቃው ያለ።

ትእዛዙ የመጣው ከአምስት ቀን በፊት ነው። ፅጌረዳ የምትባል ቀጭን አስተርጓሚ ከሚኒስቴሩ በታይፕ የተጻፈ አንድ ገጽ ይዛ መጣች። ርዝመት ሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር፣ ድርቡ ጨርቁ እስከበቃ፣ ይላል። በቃሏ ደግሞ ጨርቁ ጠንክሮ ወደ ጎን መቆም እንዳለበት ለዙሌካ ነግራት ሄደች። ወረቀቱ ቆራጩ ጋ ቀረ፣ ቃሉ ሰፊዋ ጋ ቀረ። አሚዶ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ዙሌካ እናቷ ከስልጤ የላከችላትን ቡላ በጥብጣ ጉርዶቹን ነከረችበት። ቡላው ከአሚዶም በልጦ ያዘ።

ስሕተቱ የታወቀው ዛሬ ጠዋት፣ ሊጫን ሲል ነበር። የድርጅቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ አስረስ የርክክብ ቅጹን ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ቆመና የመጀመሪያውን ጉርድ ከወገቡ እስከ ጫፉ በሜትር ለካው። ሰማንያ ሦስት። ሁለተኛውንም ለካ። ሰማንያ ሦስት። አሥራ ሁለቱንም ከለካ በኋላ ሜትሩን እንደ ቀበቶ እጁ ላይ ጠቅልሎ ማን እንደቆረጠው ጠየቀ።

ጋሽ ነጋ አልካዱም፤ የሚኒስቴሩ ታይፒስት ተሳስታ ነው አሉ። ከሦስት ዓመት በፊት የዘማች ልብስ ትእዛዝ መጥቶ ነበር፤ የእጅጌው ልክ ስልሳ አራት መሆን ሲገባው ታይፒስቷ አርባ ስድስት ብላ ጽፋዋለች። እሳቸውም ወረቀቱ እንዳለው ስድስት መቶ እጅጌ ቆረጡ። ያኔ ያልተጠየቀችው ታይፒስቷ ናት። ሠላሳ ዓመት የቆረጠ ሰው ጭንቅላት የለውም ወይ ተብለው አሥራ አንድ ቀን የታሰሩት እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ሠላሳ ስምንት የሚል ጉርድ ሲያዩ ደግመው ደጋግመው አሰቡ። ለስድስት ዓመት ልጅ እንኳ የማይበቃ ቀሚስ አዋቂ ሴት ለብሳ በመንግሥት እንግዶች ፊት አትወጣም። ይቺ ታይፒስት ዛሬም ቁጥር ገልብጣለች አሉ፤ መልሰው ገለበጡት። ጨርቁም በሰማንያ ሦስት ሲቆረጥ ለእያንዳንዱ ስድስት ስድስት ድርብ በቃ።

አስረስ ዕድሜው ሠላሳ ቢሆን ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከበላዩ ያለው ሰው ምን እንደሚጠይቀው ያውቃል። ደብተሩን አወጣና የጋሽ ነጋን ሙሉ ስም፣ ከሥሩም «ሆን ተብሎ የተፈጸመ አሻጥር» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳያይ፣ መኪናው ላይ ይውጡ፣ ከርክክቡ በኋላ ወደዚህ አይመለሱም አላቸው። መቀሱን ለዙሌካ የሰጣት ያን ጊዜ ነው።

ዙሌካ ለምን ሳታይ እንደሰፋችው ማንም አልጠየቃትም። ብትጠየቅ መልስ ነበራት። ከአብዮቱ በፊት ፒያሳ ማዳም አራክሲ የምትባል አርመናዊት ልብስ ሰፊ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። የሙሽራ ቬሎና የውስጥ ሽንሽን የተማረችው እዚያ ነው። ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አንድ የድሮ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፦ በእግሯ አውራ ጣት ጫፍ የቆመች ልጅ፣ ጀርባዋ ላይ ትናንሽ ክንፎች፣ ፀጉሯ ላይ የአበባ ጉንጉን። ቀሚሷ እስከ ባቷ ይወርዳል፤ እንደ ጭስ የሳሳ፣ እንደ ደወል የተነፋ። ዙሌካ የምታውቃት የባሌት ዳንሰኛ እሷን ብቻ ነበር። ስለዚህ ከቆራጩ ጠረጴዛ ሰማንያ ሦስት ሲመጣላት ትክክል መሰላት። የገረማት ቡላ ማስፈለጉ ነበር። የሥዕሏ ልጅ ቀሚስ ወደ ጎን አይቆምም ነበርና።

አሁን መኪናው ላይ ቆማ የአንዱን ጉርድ ጫፍ በጣቶቿ ስትዳስስ፣ የሠሩት ነገር ምን እንደሆነ ገባት። ርዝመቱ የአንዱ ልብስ ነው፣ ድርቀቱ የሌላው። እንዲህ ያለ ነገር የሚለብስ ሰው የትም አገር የለም።

የመካኒሳን ድልድይ ሊደርሱ ሲሉ ዝናቡ ጀመረ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፤ ወዲያው ጠነከረ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰዎች ከየደጃፋቸው ወጡ። የሩፋኤል ዝናብ ነው። ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ይዘላሉ፣ ሴቶች ጎድጓዳ ሳህን እየደቀኑ ይሰበስባሉ፣ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን ያስመታሉ።

መኪናው ቆመ። አስረስ ከጋቢናው ዘሎ ወርዶ ሾፌሩ ሂርጳ ሸራውን ቶሎ እንዲያለብስ አዘዘ። ሂርጳ የዚያው የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ የሚያርሱት መሬት ከድርጅቱ አጥር ሥር ይጀምራል። በሩን ከፍቶ ሸራውን መሳብ ሲጀምር የዙሌካ እጅ ላዩ ላይ አረፈ። ተወው አለችው።

አስረስ ቀና ብሎ አያት። «እስካሁን አልቆረጥሽም?»

«አልቆርጥም፣ ጓድ አስረስ።»

«ትእዛዝ ነው ያልኩሽ።»

«ስድስት ድርብ ነው ያለን። አሁን የቆመው ጫፉ ወለሉን ተደግፎ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ላይ ብቆርጠው ወገብ ላይ ሲታሰር መቆም አይችልም፣ ዝናብ እንደመታው የዶሮ ጭራ ይወድቃል። ያኔ አጭሩም የለን፣ ረጅሙም የለን። አሁን ግን ረጅሙ በእጃችን ነው። ድሮ እንዲህ ረጅም ሆኖ ይለበስ ነበር፤ አይቼዋለሁ። የቀረው ቡላው እንዲወጣ ብቻ ነው።»

«በምን ይወጣል?»

ዙሌካ ቀና ብላ ወደ ሰማዩ አየች። ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርድ ነበር።

አስረስ ነገሩ ሲገባው ድምፁን ዝቅ አደረገ። የመንግሥት ንብረት በሩፋኤል ጠበል ሲጠመቅ ቆሞ አያይም፤ ይህን ዓይነቱን ኋላ ቀር እምነት ሊዋጋ ነው ድርጅቱ ውስጥ የተቀመጠው።

«እኔ እስላም ነኝ፣ ጓድ አስረስ» አለችው። «ሩፋኤል የጋሽ ነጋ ነው። ለእኔ ውኃ ነው፤ ቡላም የሚለቀው በውኃ ነው። እዚህ ለአሥራ ሁለት ጉርድ የሚበቃ ሌላ ንጹሕ ውኃ ካለ ያሳዩኝ።»

ከድልድዩ ሥር ወንዙ እንደ ሻይ ቀልቶ ይፈስሳል። አስረስ አየውና ፊቱን መለሰ።

«ደብተርዎን ያውጡ» አለች፣ ስፖንዳው ላይ ጎንበስ ብላ። «ከጋሽ ነጋ ስም ሥር የእኔን ይጻፉ። ዙሌካ ሸምሱ ትእዛዝ አልቀበልም ብላ በራሷ ውሳኔ ዝናብ ላይ አወጣችው ይበሉ። ሰዓቱንም ይጻፉ። ከተበላሸ ከእርስዎ ላይ ምንም አይገኝም።»

ጋሽ ነጋ መኪናው ላይ ከወጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። «ተይ ልጄ። አንድ ሰው ይበቃል።»

«ዝናቡ ሳያልፍ ይነሡና ወገቡን ይያዙልኝ፣ ጋሽ ነጋ።»

አስረስ ደብተሩን አወጣ። ከዚያ ወረቀቱ እንዳይበሰብስ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ሙሉ ስሟን ጻፈ። አራት ሰዓት ተኩል።

ጋሽ ነጋ ተነሡ። ባርኔጣቸውን ትተው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ዝናቡን ተቀበሉና ግንባራቸውን አበሱ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጉርድ ወገብ ያዙ። ዙሌካ ድርቦቹን አንድ በአንድ እየገለጠች በእጇ ታሸው ጀመር። ቡላው እንደ ወተት እየነጣ ወለሉ ላይ ወረደ፣ በሳንቃዎቹ መካከል ሾልኮ ወደ መንገዱ ፈሰሰ። ሂርጳም ያልታዘዘውን ወጥቶ ተቀላቀለ። ትናንት ድንጋይ ጭኖ እንደነበር፣ ነገ ምን ጫንክ ቢሉት ግን ምን እንደሚል ግራ እንደገባው እየነገራቸው ያጥባል።

ሳህን የደቀነች አንዲት ወይዘሮ ጠጋ ብላ የማን ሙሽራ ናት ብላ ጠየቀች።

«የመንግሥት» አሏት ጋሽ ነጋ።

«አሥራ ሁለቱም?»

«አሥራ ሁለቱም።»

ሴትየዋ እልል አለች። አስረስ በጋቢናው መስታወት አያቸው፤ ከንፈሩን ነከሰ እንጂ አልተቆጣም።

ዝናቡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በድንገት አቆመ። ጉርዶቹ ስፖንዳው ላይ ተኝተዋል፤ ጨርቁ በጨርቁ ላይ ተለጥፎ፣ የሰው እጅ ያረፈበት አይመስልም። አስረስ ወርዶ አያቸው። ፊቱ ገረጣ። ዙሌካ ግን ጊዜ አላጠፋችም። የሸራውን ገመድ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው፣ በራሷ ቁመት ልክ፣ አራት ጊዜ አስወጠረች። ጉርዶቹን በወገባቸው አሰረች። ሂርጳን ቀስ ብለህ ጀምር፣ አስፋልቱ ላይ ስትደርስ ግን ፈጠን በል አለችው።

ፀሐይ ወጣ። መኪናው አስፋልቱን ይዞ ቄራን ሲያልፍ ነፋሱ የታችኛው ድርብ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀጣዩ ውስጥ። ተለጥፎ የነበረው ጨርቅ እየተላቀቀ፣ እየሳሳ፣ እየተነፋ ሄደ። ሜክሲኮ አደባባይ ሲደርሱ አሥራ ሁለቱም ጉርዶች ለበዓሉ በተተከለው ቀይ ቅስት ሥር ነጭ ሆነው ይበሩ ነበር። ለሰልፍ ልምምድ መንገድ የዘጋ አንድ ወታደር አስቆማቸውና የየት አገር ባንዲራ እንደሆነ ጠየቀ። አስረስ በመስኮት የሚኒስቴሩን ማኅተም አሳየው፤ ወታደሩ መልሱን ሳይጠብቅ ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፋቸው።

ቴአትር ቤቱ የኋላ በር ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ጋሽ ነጋ መኪናው ላይ እንዲቆዩ ተነገራቸው። ዙሌካና አስረስ ጉርዶቹን ተሸክመው ገቡ።

የቡድኑ የአልባሳት ኃላፊ ጋሊና የምትባል ፀጉሯ የነጣ ረጅም ሴት ናት። ደረቷ ላይ እንደ ሜዳልያ መርፌ ደርድራለች። የመጀመሪያውን ጉርድ ከዙሌካ እጅ ተቀብላ ወደ ላይ ከፍ አደረገችው። ጨርቁ ተፍታቶ እስከ ጉልበቷ ወረደ። አስተርጓሚዋ ፅጌረዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ጋሊና ጉርዱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ድርቦቹን ቆጠረች። ሽንሽኑን ገልብጣ ስፌቱን አየች። ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ግንባሯን ቋጠረች። ቡላው ሽታውን ትቶበት ነበር። ከዚያ አንዷን ዳንሰኛ ጠርታ አለበሰቻትና ዙሪ አለቻት። ልጅቷ ዞረች። ጨርቁ ከእሷ ትንሽ ዘግይቶ ዞረ፣ እሷ ከቆመች በኋላም ጥቂት ቆይቶ ቆመ።

አሮጊቷ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ማን አሳያችሁ ትላለች» አለች ፅጌረዳ።

አስረስ ወደ ዙሌካ ዞረ። ዙሌካ የሰው ዓይን ሲበዛባት አንገቷን የምትደፋ ሴት ናት። ስለ ጨርቅ ስትጠየቅ ግን ቀና ትላለች።

«አንድ ሥዕል ነው ያሳየኝ። ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ትንሽ ክንፍ አላት፣ ፀጉሯ ላይ ጉንጉን አላት። አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሰፍቻለሁ።»

ሲተረጎምላት ጋሊና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሥዕሉን ታውቀዋለች፤ አስተማሪዋ ቤትም ተሰቅሎ ነበር። ቀጥላ የተናገረችውን ፅጌረዳ እየቆራረጠች አስተላለፈች። መጀመሪያ የዳንሰኞች ቀሚስ መሬት ይጠርግ ነበር። አንዷ እግሯ የሚሠራውን ሰው እንዲያይላት ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አደረገችው፤ ብዙ ተወቀሰች። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት እንዲህ ሆነ፣ አለች ጉርዱን እየነካች፣ እስከ ባት፣ ነጭ። ከዚያ ዝላዩና ሽክርክሪቱ እየከበደ ሲሄድ ጉልበት ደረሰ፣ ከጉልበት አለፈ፣ በመጨረሻም ሠላሳ ስምንት ሆኖ ወደ ጎን ቆመ። እያንዳንዱ ስንዝር ያጠረው እግር አዲስ ነገር በተማረ ቁጥር ነው።

ዙሌካ በጥሞና ሰማች። ልብስ በከንቱ እንደማያጥር ያን ቀን ገባት።

ጋሊና ተነሥታ ከፒያኖ ተጫዋቿ ጋር ተነጋገረች። ልጆቹ ሁሉ በትምህርት ቤት የተማሩት አንድ የድሮ የጫካ ዳንስ አለ፤ ሙዚቃውንም ፒያኖ ተጫዋቿ በቃሏ ታውቀዋለች። የትርኢቱ ሦስተኛ ክፍል በዚያ ይቀየራል። አስረስ ትንፋሹን ሲለቅ ተሰማ። አሮጊቷ ግን ጣቷን አነሣች፤ አልጨረሰችም። ይህ ልብስ ከወገብ ወደ ታች አይለካም። አሥራ ሁለቱ ልጆች ቁመታቸው ይለያያል፣ ጫፉ ግን አንድ መስመር መሆን አለበት፤ የሚለካው ከመሬት ወደ ላይ ነው። ልምምዱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቷል። ጥሩ እጅ ያለው ቆራጭ ያስፈልጋታል።

ፅጌረዳ ተርጉማ ጨረሰች። አስረስ የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር።

«አለን» አለች ዙሌካ። «መኪናው ላይ ነው።»

ጋሽ ነጋ ስትመጣ ሲያዩ ባርኔጣቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ተነሡ። ለመታሰር ከጠዋት ጀምሮ ተዘጋጅተው ነበር። ዙሌካ መቀሱን በእጀታው በኩል አቀበለቻቸው።

«ይውረዱ፣ ጋሽ ነጋ። ሊቆርጡ ነው።»

መድረኩ ላይ አሥራ ሁለት ልጆች በረድፍ ቆመው ሲያዩ ወደ ኋላ ሊመለሱ ምንም አልቀራቸውም። ዙሌካ የመጥረጊያ እንጨት ሰብራ፣ ከመሬት ሠላሳ አምስት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋ ሰጠቻቸው። ተንበረከኩ። እንጨቱን ከመጀመሪያዋ ልጅ እግር አጠገብ አቆሙና ከጠመኔው ምልክት በቀር ምንም ላለማየት ተጠነቀቁ። መቀሱ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። ሠላሳ ዓመት የቆረጠ እጅ ነው። በአራተኛዋ ላይ ላባቸውን ጠረጉ። በስድስተኛዋ ላይ፣ ቀጥ በይ እንጂ ልጄ፣ እንዲህ እየተወዛወዝሽ መስመር አይወጣም እያሉ በአማርኛ መቆጣት ጀመሩ፤ ልጆቹም ቀጥ አሉ። አሥራ ሁለተኛዋ ሲያልቅ ጋሊና መድረኩ ወለል ላይ ጉንጯን አስጠግታ መስመሩን አየች። ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና የሽማግሌውን እጅ ጨበጠች።

ርክክቡ የተፈረመው መድረኩ ጎን፣ የመጋረጃው ገመድ የሚታሰርበት ጠረጴዛ ላይ ነው። አስረስ ቅጹን አቀረበ። ጋሊና በፅጌረዳ ጣት እየተመራች አነበበችው። ብዛት፣ አሥራ ሁለት። ቀለም፣ ነጭ። ርዝመት የሚለው ጋ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ። ስትረከበው፣ ገና ሳይቆረጥ፣ ልኩ ይህ አልነበረም አለች፤ ያልተረከበችውን አትፈርምም። ሠላሳ ስምንትን በአንድ መስመር ሰረዘችው። አስረስ ጠዋት የለካውን ጠይቃ በላዩ ላይ ሰማንያ ሦስት ብላ ጻፈች፣ አጠገቡ ፈረመች፣ ከቦርሳዋ ትንሽ ማኅተም አውጥታ መታችበት።

አስረስ ቅጹን ተቀብሎ ማኅተሙን አየው። ከዚያ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ፣ ሁለቱ ስሞች የተጻፉበትን ገጽ አገኘ፣ ገነጠለው። አራት ላይ አጠፈና ለዙሌካ ሰጣት።

ፒያኖው ልምምድ ጀመረ። ጋሽ ነጋ የመነጽራቸውን ጭጋግ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው በአስረስ ትከሻ ላይ አሻግረው ቅጹን ተመለከቱ።

«አላልኳችሁም?» አሉ። «የታይፒስቷ ስሕተት ነው።»